አስታማሚ ያጣ ሕመም

አማርኛ ሕመምተኛን ብቻውን አይተወውም። «ታመመ» ከሚለው ግስ አጠገብ «አስታመመ» የሚል አለ፤ ከታማሚው ራስጌ አስታማሚ ይቀመጣል፤ በር ላይ ደግሞ ጠያቂ ይመጣል። በድሮው ልማድ ሰው ታምሞ ራሱን ወደ ጸበል፣ ወደ አዋቂ ወይም ወደ ሐኪም አይወስድም፤ ይወሰዳል። ከአልጋው የሚያነሳው፣ በቅሎ የሚጭንለት፣ ስንቅ የሚቋጥርለት፣ «ይሄ ሰው ደኅና አይደለም» ብሎ ቀድሞ የሚናገርለት ሌላ ሰው ነው። ዛሬ ስለ ድባቴ የሚሰጠው ምክር ግን ሸክሙን ሁሉ በታማሚው ጫንቃ ላይ ያደርጋል፤ ምልክቱን እወቅ፣ አትፈር፣ ደፍረህ ባለሙያ አማክር ይላል። ምክሩ በራሱ እንከን የለበትም። ነገር ግን ድፍረትን ከታማሚው መጠየቅ በእኛ አገር አዲስ ነገር ነው። ሕመሙን የመለየቱም ሆነ እርዳታ የመፈለጉ ሥራ ለዘመናት የጎረቤትና የዘመድ ድርሻ ነበር። እንደ አዲስ አበባው ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ባሉት አዳዲስ ሰፈሮች ይህ ድርሻ ባለቤት አጥቷል። ድባቴን ደግሞ ከሌላው ሕመም ይልቅ የሚያከፋው ይኸው ነው ባይ ነኝ፤ ድባቴ በቅድሚያ የሚወስደው ተነስቶ የመሄድን ፈቃድ ነውና።

የቀደመው ዘመን ለዚህ ሕመም ስም አልነበረውም ማለት ስሕተት ነው። ስሞቹ ብዙ ናቸው፤ ትካዜ፣ ቁዘማ፣ ሆድ ብሶት፣ የመንፈስ ጭንቀት። ለዛሬው ትርጓሜ ይበልጥ የሚቀርበው ግን «ዓይነ ጥላ» ይመስለኛል። ሰው ሰው ያስጠላዋል፣ ሥራው አልሰምር ይለዋል፣ ፊቱ ይጠቁራል፣ ከማኅበር ይሸሻል፤ ያን ጊዜ ዓይነ ጥላ ተጣብቶታል ይባላል። ደብተራው በብራና ላይ የዓይነ ጥላ ጸሎት ጽፎ በክታብ ያሳስርለታል። በገዳማቱ ዘንድም ጉዳዩ እንግዳ አልነበረም። መጻሕፍተ መነኮሳት ከሚባሉት ሦስቱ፣ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ፣ በመነኩሴው ላይ ስለሚመጣው ሀኬትና የልብ ክብደት ይናገራሉ፤ አንባቢያቸውም ይህን ፈተና ብቻውን እንዲወጣው አይተውትም፣ ለአበ ነፍሱ እንዲገልጽ ያዙታል እንጂ። ጎንደር ላይ ደግሞ የዛሩ ቤት ነበር። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 እዚያው ተቀምጦ የዛሩን ሥርዓት መዝግቧል፤ ከእሱ በኋላ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የመጣው ሳይመን ሜሲንግ የተባለ አጥኚ የዛሩ ማኅበር በተግባር የቡድን ሕክምና ነው ሲል እ.ኤ.አ. በ1958 ጽፏል። አዘኔታው ትንሽ በዝቷል ልንል እንችላለን፤ የዛሩ ቤት ድሃዋን ሴት የሚያራቁትበትም ጊዜ ነበር። ያየው ነገር ግን እውነት ነው። ቤተሰቦቿ ያመጧት፣ ከአልጋ መነሳት ያቃታት ሴት እዚያ ስትደርስ ሕመሟ ስም ያገኛል፤ እሷም ያው ሕመም ካለባቸው ሌሎች ሴቶች መካከል ቡና እየጠጣች ትቀመጣለች። ከዚያ በኋላ ብቻዋን አይደለችም።

የእነዚህ መንገዶች ሁሉ ጉድለት ጮኾ ለሚታየው ሕመም ማድላታቸው ነበር። ዘመናዊው ሕክምና ሲመጣ ጉድለቱን ከማረም ይልቅ በግንብ አጸናው። አማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ከዚያም ለብዙ አሥርት ዓመታት ለአገሪቱ በሙሉ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ኖረ። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ወደ በሩ የሚደርሰው በአብዛኛው ፖሊስ ከጎዳና ያነሳው፣ ፍርድ ቤት የላከው ወይም ዘመዶቹ አስረው ያመጡት ሰው ነበር። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአእምሮ ሐኪም ዶክተር ፍቅሬ ወርቅነህና ከእሳቸው በኋላ የመጡት ጥቂቶች ይህን መልክ ለመለወጥ ደክመዋል፤ ይሁን እንጂ የሆስፒታሉ ስም በከተማው አነጋገር የስድብ ያህል ሆነ። «አማኑኤል ታስገባኛለህ» የሚል ሰው ስለ ሕክምና አይደለም የሚያወራው። በቡታጅራ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት የአገሬው አዋቂ የተባሉ 100 ሰዎችን ስለ አእምሮ ሕመም ምልክቶች ጠይቆ ነበር። በብዛት የተነሱት መለፍለፍ፣ ጠበኝነትና እንግዳ ጠባይ ናቸው። ዝም ያለው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የተኛው ሰው ከዝርዝሩ ግንባር አልነበረም። ዝም ያለ ሰው ጨዋ ነው፤ ምናልባትም ሰነፍ ነው፤ ምናልባትም ንስሐ የሚያሻው ነው።

እንዲህ ያለው ሰው ታዲያ የት ሄደ? መልሱ ከተራው ክሊኒክ ወረፋ ላይ ይገኛል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የሠሩት የኔዘርላንዱ የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ጊልና ባልደረባቸው ወደ ጠቅላላ ሕክምና በአካል ሕመም ስም ከሚመጡት መካከል ብዙዎቹ የሚሰቃዩት በአእምሮ ሕመም መሆኑን ያን ጊዜውኑ ጽፈዋል። ጨጓራዬን ይለበልበኛል፣ ራሴን ያቃጥለኛል፣ ሰውነቴን ይወረኛል፣ እንቅልፍ አጣሁ የሚለው ሰው የሚናገረው እውነቱን ነው፤ ድባቴ በእርግጥም በሥጋ ይገባል። ሐኪሙ የጨጓራ መድኃኒት ሰጥቶ ይመልሰዋል። ይህ የጥንት ታሪክ አይደለም፤ በቅርብ ዓመታት በሶዶ ወረዳ ጤና ጣቢያዎች የተደረጉ ጥናቶችም እጅግ የሚበዙት የድባቴ ታማሚዎች ባለሙያው ሳይለያቸው እንደሚመለሱ አሳይተዋል። በቋንቋውም በኩል ችግር ነበር። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ኮርትማን የተባለ ሌላ የኔዘርላንድ ሐኪም የዓለም ጤና ድርጅትን የመጠይቅ ቅጽ በአዲስ አበባ ሞክሮ፣ ሰዎቹ «አዎ» ወይም «አይደለም» ያሉበትን ምክንያት መልሶ ሲጠይቅ፣ ጠያቂው ያሰበውና ተጠያቂው የተረዳው ለየቅል ሆኖ አገኘው። ቃላችን ራሱ ተሸርሽሮብናል። የዛሬ ወጣት ፊልሙ ቢሰለቸው «ደበረኝ» ይላል፤ ሕይወቱ ቢያስጠላውም «ደበረኝ» ይላል፤ ሰሚው ሁለቱን በምን ይለያቸዋል? ባለሙያዎች «ድባቴ» የሚለውን ስም ለይተው መያዛቸው ለዚህ ይመስለኛል፤ መልካም አደረጉ።

ድባቴን ከተራ ኀዘን የሚለየው ዕድሜውና ስፋቱ ነው። ሐኪሞች የሚጠይቁት ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ቀኑን ከሞላ ጎደል፣ ስሜት መጨለሙን ወይም ቀድሞ ደስ ይል ከነበረው ነገር ሁሉ ልብ መራቁን ነው። ከዚያ እንቅልፍ ይመረመራል፤ ሌሊት ሳይነጋ መንቃት ወይም ያለመጠን መተኛት። የምግብ ፍላጎት፣ ድካም፣ አሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ የእንቅስቃሴ መጎተት ወይም መቅበጥበጥ፣ ራስን ከንቱ አድርጎ መቁጠርና ያለ ጥፋት መጸጸት፣ በመጨረሻም የሞት አሳብ ይጠየቃሉ። ከዘጠኙ አምስቱ ከተገኙና ሥራና ኑሮን ካስተጓጎሉ ሕመም ነው። ልብ በሉ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹን አብሮ የሚኖር ሰው ከታማሚው ቀድሞ ማየት ይችላል። ቡና ጠርተናት ሦስት ጊዜ ያልመጣችውን ሴት ጎረቤቷ «ምን ሆና ነው?» የምትለው ዘጠኙን ጥያቄ ተምራ አይደለም።

አሁን ወደ ለሚ ኩራ። ክፍለ ከተማው ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ በ2013 ዓ.ም. የተዋቀረ፣ የአዲስ አበባ አሥራ አንደኛው ነው። መሬቱ ትናንት የጤፍና የስንዴ ማሳ ነበር። የሲኤምሲ ሰፈር ስሙን ያገኘው በደርግ ዘመን ቤቶቹን ከሠራው የጣሊያን ተቋራጭ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሪል ስቴቱ፣ ኮንዶሚኒየሙና የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተከተሉ፤ ከጥቅምት 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ቀላል ባቡሩ አያትን ከጦር ኃይሎች ጋር አገናኘ። ሰሚት፣ አያት፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ የሚባሉት የጋራ መኖሪያ መንደሮች በዚህ በከተማዋ ምሥራቃዊ ጥግ በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦችን ይዘው ተነሱ። በ1997 ዓ.ም. ለጋራ መኖሪያ ቤት የተመዘገበው፣ የ97 ተመዝጋቢ የሚባለው ሰው ስንት ዓመት እንደጠበቀ ሁሉም ያውቀዋል፤ የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ብቻ ለ51,229 ቤቶች ዕጣ ወጥቷል። ዕጣ መውጣቱ ደስታ ነው፤ ዕልልታው በቴሌቪዥን ታይቷል። ይሁን እንጂ ዕጣ የሚያወጣው ኮምፒውተር ጎረቤትን አያውቅም። ከአራት ኪሎ፣ ከልደታና ከሌሎች የመሀል ከተማ ሰፈሮች ሠላሳና አርባ ዓመት በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቧንቧ፣ በአንድ እድር የኖሩ ሰዎች በየሕንፃው ፎቅ ላይ ተበተኑ። ከታች ደግሞ ማሳው የተወሰደበት ገበሬ አለ፤ ከብቱን ሸጦ፣ ካሳውን ጨርሶ፣ በገዛ ቀዬው የጥበቃ ሥራ የሚፈልግ። በኢንዱስትሪ ፓርኩ ዙሪያ ከክፍለ ሀገር የመጡት ወጣት ሠራተኞች አንድ ክፍል ለብዙ ሆነው ይከራያሉ። ዕጣ ከደረሳቸውም ብዙዎቹ ቤቱን አከራይተው ሌላ ቦታ ስለሚኖሩ፣ በኮሪደሩ ትይዩ ያለው በር በየዓመቱ ባለቤት ይለውጣል። ንድፉን ያወጡት ሰዎች ይህን ሳይጠረጥሩ አልቀሩም፤ እንጀራ የሚጋገርበት፣ በግ የሚታረድበት፣ ልብስ የሚታጠብበት የጋራ መገልገያ ቤት በየሕንፃዎቹ መካከል ሠርተው ነበር። በብዙ ቦታ ያ ቤት ዛሬ ለሌላ ነገር ተከራይቷል።

የጥንቱን ጎረቤት ወደ ሰማይ ትሰቅላለህ የሚለኝ አይጠፋም። ያ ጎረቤት አሳቢ ብቻ ሳይሆን ሐሜተኛም ነበር፤ በግቢው ውስጥ ማን አለቀሰ፣ ማን ሆስፒታል ገባ የሚለው ከቀትር በፊት ይዳረሳል። ይህ ተቃውሞ ማስረጃ አለው። በቡታጅራ በጽኑ የአእምሮ ሕመምተኞች ቤተሰቦች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት ከተጠየቁት 178 የቤተሰብ አባላት 75 በመቶው መገለል እንደሚሰማቸው፣ 37 በመቶው ደግሞ የዘመዳቸውን ሕመም መደበቅ እንደሚፈልጉ አሳይቷል። ራሱን ያጠፋ ሰው ፍትሐት ይነፈግ በነበረበት ልማድ ውስጥ ቤተሰብ እውነቱን ቢደብቅ የሚያስደንቅ አይደለም። በዚህ ዓይን ሲታይ ማንም ማንን የማያውቅበት ኮንዶሚኒየም በረከት ነው፤ ሰው ወደ ሕክምና ሲገባ አይቶ የሚያማው የለም። የተቃውሞውን ግማሽ እቀበላለሁ። መሸሸጊያ ማግኘት ለመሄድ አቅም ላለው ሰው ይጠቅማል። ድባቴ የያዘው ሰው ግን የጎደለው መደበቂያ አይደለም፤ መነሻ ነው። ቁልፉን ከውስጥ ቆልፎ የተኛን ሰው ሐሜት አይደርስበትም፤ «ምነው ጠፋህ?» የሚለውም አይደርስበትም። ሐሜቱን ሸሽተን ጠያቂውንም አብረን አጣነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንከር ያለ ነው። ቤቱ የፈረሰበት፣ ማሳው የተወሰደበት፣ ኑሮ የከበደው ሰው ቢያዝን ምኑ ነው ሕመም? የፈረንጅ ስም ለጥፈህ የአስተዳደርን በደል ወደ ክኒን ጉዳይ አታውርደው ይላል። ከዚህ ውስጥ እውነት የሆነውን መለየት ያስፈልጋል። ኀዘን ሁሉ ሕመም አይደለም፤ ከሰፈሩ ተነቅሎ ያላዘነ ሰው ካለ እሱ ነው የሚያሳስበው። በደልንም ክኒን አይክሰውም። ሆኖም መንስኤው ከውጭ መምጣቱ ሕመሙን ሕመም ከመሆን አያግደውም። የሚያፈስ ጣሪያ ሥር የተኛ ልጅ የሳንባ ምች ቢይዘው ጣሪያው ይጠገን እያልን መርፌውን አንከለክለውም፤ ሁለቱም ይደረጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 በመላ አገሪቱ ወደ አምስት ሺህ በሚጠጉ ሰዎች ላይ በተሰበሰበ መረጃ 9.1 በመቶው የድባቴ ምልክት ነበረባቸው፤ ከእነዚህ ሕክምና የፈለጉት ከአራቱ አንዱ እንኳ አይሞሉም። ሦስቱ ለምን ቀሩ ብሎ መጠየቅ በራሱ ስለ በደል መጠየቅ ነው።

ጸሎት ይበቃል የሚሉ ወገኖችንም በንቀት ማለፍ አይገባም፤ ለብዙ ሰው የመጀመሪያዋ በር ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ናት፣ ወደፊትም ትሆናለች። እዚህ ላይ የኤች.አይ.ቪ. ዘመን አስተምሮናል። መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት በጀመረበት በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ጸበል የገባ ሰው ክኒን መዋጥ የለበትም የሚል ክርክር በእንጦጦ ነበር። አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. መድኃኒቱም ጸበሉም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑና እንደማይጋጩ በይፋ ተናገሩ። ለድባቴም ያው መልስ ይሠራል፤ የሚጎድለው በየአጥቢያው ደጋግሞ የሚናገረው ነው።

አገልግሎቱስ የት አለ? እስከ 1995 ዓ.ም. ድረስ በመላ አገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞች 11 ገደማ ነበሩ፤ በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ስፔሻሊስቶችን እዚሁ ማሠልጠን ጀመረ። ከዚያ በፊት የአገሪቱን ሸክም የተሸከሙት ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በአማኑኤል የሠለጠኑት የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ናቸው፤ ታሪካቸውን የጻፈላቸው ግን ብዙ የለም። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አገልግሎቱን ወደ ጤና ጣቢያ ለማውረድ አሰበ። ለሚ ኩራ በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ የምታስቆጭ ምዕራፍ በደጃፏ አላት። በኮተቤ በኩል የተሠራው ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል የታሰበው የአማኑኤልን ጫና የሚያቃልል የአእምሮ ሕክምና ማዕከል እንዲሆን ነበር። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገሪቱ ሲገኝ ሆስፒታሉ የኮሮና ማዕከል ሆነ። ውሳኔው በጊዜው ትክክል ነበር፤ ሌላ ምርጫ አልነበረም። ሆኖም ወረርሽኝና ድባቴ ለአንድ ሕንፃ ቢሽቀዳደሙ ማን እንደሚቀድም ያሳያል። ዛሬ ሆስፒታሉ ጠቅላላ አገልግሎትን ከአእምሮ ሕክምና ጋር ይሰጣል። ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም አሉ፤ ምንም እንኳ መርሐ ግብሩ ሲጀመር ከነበሩት 16 ፓኬጆች ውስጥ የአእምሮ ጤና ባይኖርም፣ በኋላ ተጨምሯል። ስለዚህ በሩ ጠባብ ነው እንጂ የለም አይባልም።

የቀረው ወደ በሩ የሚያደርሰው ሰው ነው። እሱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ እድር አለ። እድር እንደ አጥኚዎቹ አባባል ከሀያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አንስቶ፣ ወደ አዲስ አበባ በፈለሱ ሰዎች፣ በተለይም በጉራጌዎች፣ መካከል የበቀለ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተስፋፋ ማኅበር ነው። ማለትም እድር የድሮ መንደር ቅርስ አይደለም፤ ከቀያቸው የተነቀሉ ሰዎች በእንግዳ ከተማ ለብቻ መሞትን ፈርተው የፈጠሩት ነው። የለሚ ኩራ ነዋሪ ዛሬ ያለበት ሁኔታ ከዚያ የተለየ አይደለም። እድር የሚቀብር እንጂ የሚያስታምም አይደለም የሚል ቢኖር መልሱ በ1990ዎቹ ተሰጥቷል፤ ኤች.አይ.ቪ. አባላቱን ሲጨርስባቸው ብዙ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ከቀብር በፊት ለታመመው መድረስ ጀምረዋል። ያኔም ነውር ነበር፣ ያኔም ሐሜት ነበር፤ ደንቡ ተለወጠ።

እንግዲህ በቦሌ አራብሳም ሆነ በሰሚት፣ በአባዶም ሆነ በአያት በየወሩ እሑድ ጠዋት የእድር መዋጮ የምትሰበስቡ ሰዎች፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ሁለት ነገር አጀንዳ አስይዙ። አንደኛው ተከራይም አባል ይሁን። ሁለተኛው በደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመር፤ ሁለት ሳምንት ያልታየ፣ ከሥራና ከሰው የራቀ አባል ካለ ሁለት ሰው ሄዶ በሩን ያንኳኳ፣ ሕመም ከሆነም ጤና ጣቢያ ድረስ አብሮት ይሂድ። የሞት አሳብ የሚናገር ከሆነ ሳምንት አይጠበቅ፤ ብቻውን ሳይተዉ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። በጓዳችሁ ሆናችሁ ይህን የምታነቡና ዘጠኙን ምልክቶች ስትቆጥሩ በራሳችሁ ላይ ያገኛችኋቸው ደግሞ ለአንድ ሰው ብቻ «አብረኸኝ ሂድ» በሉ።